ባዶ ነው የተባለው ፍላሽ

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነበርኩ። ወሩ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው፤ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ በሩ ላይ የተጠለለው ሰው ከደንበኛው ይበልጣል። ባለሱቁ የሰጠሁትን ፍላሽ ሰካ፣ ስክሪኑን ተመለከተ፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «እህቴ፣ ይህ እኮ ባዶ ነው» አለኝ።

የአባቴ ፍላሽ ነው። አባቴ ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበሩ። የአባላቱ ዝርዝር፣ የወርኃዊ መዋጮው ሒሳብ፣ የየስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ ሁለት ጊዜ የተሻሻለው መተዳደሪያ ደንብ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው፤ መጀመሪያ በባሕር መዝገብ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በኮምፒውተር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ሲፈርስ እድርተኛውም ተበተነ፤ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ ሌላው የካ አባዶ፣ ሌላው ልጁ ቤት። ድንኳኑና ሳህኑ የአንድ አባል ግቢ ውስጥ በአደራ ተቀመጡ። አሁን የቀሩት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሊወስኑ ነው፦ እድሩ ይቀጥል ወይስ ገንዘቡ ይከፋፈል? ይከፋፈል ከተባለ ማን ምን ያህል እንደከፈለ መታወቅ አለበት። አባቴ ዓይናቸው ስለደከመ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝና «ዝርዝሩን አሳትሚልኝ» አሉኝ። የአሥር ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር።

«ፎርማት ላድርግልሽና ቢያንስ ለሌላ ነገር ይሁንሽ» አለ ባለሱቁ። ቀስቷን «ፎርማት» የሚለው ቃል ላይ አቁሟል። እሺ ልለው ነበር፤ አልዋሽም። ወረፋው ከኋላዬ ይገፋኛል፣ ሰውየው ደግሞ በርኅራኄ ነው የሚያናግረኝ። በዚያ መካከል ዓይኔ ከፍላሹ ስም ሥር ባለችው ቀጭን ሰማያዊ መስመር ላይ ዐረፈ። መስመሯ ከግማሽ በላይ ተሞልታለች። «ባዶ ከሆነ ይህን ሁሉ ቦታ ማን ያዘው?» አልኩት።

ትከሻውን ሰበቀ። «ቫይረስ ይሆናል።»

ፍላሹን ነቅዬ ወደ ዝናቡ ወጣሁ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ በፎርማት የፈሰሰውን ግን መልቀም ለሁሉም ሰው አይሳካም።

ወደዚያች ቅጽበት በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ አልቆጠርኩትም። የሚከነክነኝ የሰውየው ስህተት አይደለም። ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው፤ ፎልደሩን ከፈተ፣ ምንም አልነበረም። ያው ስክሪን ግን ከጎኑ ባለች መስመር ሙሉ መሆኑን ይናገር ነበር። ኮምፒውተሩ በሁለት ምላስ ሲያወራ እኛ አንዱን ብቻ ነው የሰማነው።

የተደበቀውና የታየው

ማታ የአክስቴ ልጅ ቤት ሄድኩ። አራት ኪሎ ካምፓስ የሳይንስ ተማሪ ነው፤ ያረጀ ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኗል። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደቀለድኩበት እሱ አይረሳውም። ፍላሹን ሰካው። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ተደርድረው ታዩ፦ «አባላት»፣ «መዋጮ»፣ «ቃለ ጉባኤ»፣ «ለቅሶ ቤት»፣ የፎቶግራፍ ክምችት። አንድም አልጎደለም። «እትዬ፣ ምን ጠፋ ነው ያልሽኝ?» አለ፣ ድል አድራጊነቱን ለመደበቅ ሳይሞክር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር አንድ የቫይረስ ዘር አለ። ፎልደሮችሽን አይሰርዝም፤ «ድብቅ» እና «የሲስተም ንብረት» የሚል ምልክት ይለጥፍባቸውና በየስማቸው ሾርትከት፣ ማለትም ፎልደሩን የሚመስል አቋራጭ፣ ይተካል። ሾርትከቱን ስትጫኚ ቫይረሱ ይነሣል፣ ፎልደሩም አብሮ ይከፈታል፤ ስለዚህ ምንም አትጠረጥሪም። ዊንዶውስ እነዚህ ሁለት ምልክቶች ያሉበትን ነገር ካላዘዙት በቀር አያሳይም። የባለሱቁ አንቲቫይረስ ሥራውን በትጋት ሠርቶ ሾርትከቶቹን አጠፋ፤ ድብቆቹን ፎልደሮች ግን እንደተደበቁ ተዋቸው። ውጤቱ ንጹሕና ባዶ ፍላሽ ሆነ። ኡቡንቱ ያንን የድብቅነት ምልክት ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው ሁሉንም አሳየ። ቫይረሱም ቢሆን ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚያ እንደማንኛውም ፋይል ተጋድሞ ነበር።

ለአንድ ሳምንት ያህል የሊኑክስ ሰባኪ ሆንኩ። ቡና በተፈላበት ሁሉ ይህን ታሪክ አወራሁ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ፣ ታማኝ ልጅ ነውና፣ ዊንዶውስ ላይም አንድ መስመር ትእዛዝ በመጻፍ ብቻ ድብቁ ሁሉ እንደሚገለጥ ነገረኝ። ሃያ ሰከንድ የማይፈጅ ነገር ነው። ያ ሁሉ ስብከቴ እዚያው በረደ።

ቢሆንም ጥያቄው አልተወኝም። እንደ ዊንዶውስና ሊኑክስ ያለውን ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ዋና ፕሮግራም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወይም በመጻሕፍት ቋንቋ ሥርዓተ ክወና የሚባለውን፣ ስናወዳድር የምንጠያየቀው ስለ ፍጥነትና ስለ መልክ ነው። ለእኔ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ዋናው ጥያቄ ሌላ ሆኗል፦ ሠሪዎቹ እኔን ሳያማክሩ ምን ሊያሳዩኝ፣ ምን ሊደብቁኝ ወሰኑ? የተደበቀውን ለመግለጥ ሲያስፈልገኝስ በእግሬ ሄጄ የማገኘው የሚያውቅ ሰው አለ?

የፈረንጅ ፊደል የለበሰው ቃለ ጉባኤ

ደስታው አልቆየም። «አባላት» የሚለውን ፎልደር ከፍተን የመጀመሪያውን ፋይል ስንነካው ስም ይጠበቅ በነበረበት ቦታ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ አናታቸው ላይ ነጥብ የጣሉ የማይታወቁ ሆሄያት ተረፈረፉ። ልጁ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ደነገጠ። እኔ ግን በትርጉም ሥራ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ያንን መልክ አውቀዋለሁ። ፋይሉ ደኅና ነው። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የቆየ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ነው።

ለወጣቶቹ በአጭሩ ልንገር። ግዕዝ ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ግን በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ብልሃት ፈጠሩ፤ የላቲን ፊደል በተመደበበት ቦታ የእኛን ፊደል ሥዕል አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ሆሄ ነው፣ ፎንቱ የሚሥለው «ሀ» ነው። አንድ ፎንት የነበረው 256 ቦታ ብቻ ሲሆን ፊደላችን ግን ሰባቱ ዘር ብቻ ተቆጥሮ ከ230 ያልፋል፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር አይበቃም፣ ስለዚህ አንዳንዱ በሁለት ፎንት ይከፈል ነበር። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ ጭምብሉን ያወልቅና የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሊኑክስ የአባቴን ፋይሎች አሳየን፤ ማንበብ ግን አልቻለም። ዊንዶውስ ማንበብ ይችል ነበር፤ ማሳየት ግን አልፈቀደም። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ረጅም ሰዓት ሳቁ። «ዓይን ያለው እግር የለው፣ እግር ያለው ዓይን የለው» አሉ።

ፎንቱን ፍለጋ ተመልሼ የሄድኩት ወደዚያው ባለሱቅ ነው። ሌላ የት ይገኛል? እሱ ጋ የቆየ ክስ፣ የቆየ ውል፣ የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ ማሽኑ ላይ የግዕዝ ፎንት ዓይነት ሁሉ ተከማችቷል። በሌላ ፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። ቤት ስንደርስ ከፎንቶቹ ጋር ያ ቫይረስም በአጃቢነት መጥቷል። የአክስቴ ልጅ አጃቢውን ሰርዞ ፎንቶቹን ጫናቸው። ፋይሉን እንደገና ሲከፍተው ወይዘሮዎቹና አቶዎቹ በተራ ቁጥራቸው ተሰልፈው ተገኙ።

የሚያውቁት ሰይጣን

ከዚያ ወዲህ ከሦስቱ፣ ከዊንዶውስ፣ ከማክና ከሊኑክስ ጋር ያሳለፍኩትን ዘመን ሳሰላ ነው የከረምኩት።

ዊንዶውስ የሰፈር ልጅ ነው። የትም ጽሕፈት ቤት ብትገቢ አለ፤ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው በየማዕዘኑ አለ፤ የሒሳብ ሠራተኞቻችን የማይለዩት ፒችትሪ የሚሠራው እሱ ላይ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ግን ባለቤትነቱን ሳይሆን ያለ ፈቃድ የተጫነ ቅጂውን ነው። ያንን ቅጂ የሚያነቃው ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው አንቲቫይረሱን እንድናጠፋለት ነው፤ እንግዳ ልገባ ነውና ውሻውን እሰሩልኝ እንደማለት። ለዓመታት አስሬለታለሁ። ስለዚህ ዊንዶውስን በቫይረስ ስናማ ግማሹ ሐሜት ራሳችንን የሚመለከት ነው። የተቀረው ግማሽ ግን የእሱ ነው፦ በሞባይል ፓኬጅ የተገናኘሁ መሆኔን ለይቼ ካልነገርኩት ጊጋ ባይቱን በዝማኔ ይጨርሰዋል፣ ከዚያም ሥራ መሐል ልነሣና ልመለስ ይለኛል።

ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ተቋረጠ። ለአንድ ዓመት የጸጥታ ዝማኔ የሚያገኙበት ማራዘሚያ ቢኖርም መንገዱ የሚያመራው ወደ 11 ነው። 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከስምንተኛው ጀነሬሽን ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእኔ ላፕቶፕ ከዱባይ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ስድስተኛ ጀነሬሽን ነው። ምንም አልጎደለውም፤ ባትሪው ተቀይሯል፣ ራሙ ተጨምሯል። በዚህ ከተማ ያሉት ላፕቶፖች ስንቶቹ እንደ እሱ ናቸው? ጤነኛ በሬ በዕድሜው ብቻ ከበረት ውጣ ሲባል ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ማክን የማውቀው በውሰት ነው። ካዛንቺስ በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ስሠራ ኤም 1 ቺፕ ያለው ማክቡክ ተሰጥቶኝ ነበር፤ አፕል በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው የራሱ የኮምፒውተር ቺፕ ነው። መብራት ሲጠፋ ባልደረቦቼ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሲያዛጉ እኔ ልብም አልለው ነበር። አንድ ሙሉ ቀን ያለ መብራት ሠርቼ ባትሪው ተርፎኝ ያውቃል። በዝምታውም፣ የአማርኛ ፊደሉን በሚያሳይበት ጥራትም አላማውም። ግን ሰው የሰጠኝን ሃርድ ዲስክ ስሰካ፣ በዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ፣ እንዳነብ ፈቅዶ እንዳልጽፍበት ይከለክለኛል። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ «ጨምርልኝ» ብሎ ነገር የለም። የሚጠግነውን ሰው በጣት ቆጥሬ ነው የማገኘው። ሥራውን ስለቅ መለስኩት፤ የናፈቀኝ ባትሪው ብቻ ነው። ለዋጋው አቅም ቢኖረኝ ምናልባት ሌላ እናገር ይሆናል።

ሊኑክስን ደግሞ መጀመሪያ ያየሁት በፖስታ ነው። ኡቡንቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ይልክ ነበር። እኔም ተማሪ ሳለሁ ጠይቄ ቸርችል ጎዳና ባለው ዋናው ፖስታ ቤት በአባቴ ሣጥን መጣልኝ። ከባሕር ማዶ ለእኔ ብሎ የተላከ ነገር! በደስታ ጫንኩት፤ በስልክ መስመር የሚሠራው ሞደሜን ግን አላወቀውም፣ ኢንተርኔት የሌለው ሊኑክስ ደግሞ ደረቅ እንጀራ ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ዊንዶውስ ተመለስኩ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት ለኮምፒውተር የተተረተ ይመስለኛል።

በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ የጀመረውን ይህን ሥራ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተሸክመውታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አባቴ የሊኑክስን አሠራር ሳስረዳቸው ወዲያው የገባቸው በእድር በኩል ነው። «መዋጮ አለው?» ብለው ጠየቁኝ። «የቻለ ይሠራል፣ ያልቻለም ይጠቀማል» አልኳቸው። «ያልከፈለ የሚቀበርበት እድር ነው በይኛ» አሉ፣ ግማሽ በአድናቆት፣ ግማሽ በጥርጣሬ። እንደ ጸሐፊነታቸው ከመዋጮው በላይ የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነበር፦ ችግር ሲደርስ ድንኳን ይዞ የሚመጣው ማን ነው?

ጥያቄያቸው ዕረፍት ነሣኝ። ጥቅምት ላይ ላፕቶፔን ወደ ኡቡንቱ አዛውሬዋለሁ፤ በጸጥታ ይሠራል፣ ሥራ መሐልም ልነሣና ልመለስ አይለኝም። ነገር ግን ማተሚያዬ እንዲታወቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ደንበኞቼ የሚልኩት ሰነድ የወርድ ምትክ በሆነው ሊብሬ ኦፊስ ላይ ሲከፈት ሠንጠረዡ ይንሸራተታል። ድንኳን የሚያመጣልኝ አንድ ሰው፣ የአክስቴ ልጅ ብቻ ነው። እሱም በሚቀጥለው ዓመት ይመረቃል።

36 ገጽ

ወደዚያው ክረምት ልመለስ። ዝርዝሩን ስናስተካክል አባቴ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ልጁ ያነባል፣ እሳቸው «በሕይወት አለች»፣ «ዐርፏል»፣ «ልጁ ጋ ሄዷል» ይላሉ። በመሐል ፋይሉ የተጻፈበትን ቀን አይተው ተቆጡ። «የ2001 የግንቦት ስብሰባ ነው፤ ለምን 2009 ይለኛል? ሰዓቱም ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር፤ ለምን ዘጠኝ ይላል?» የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው የኖሩ ሰው የፈረንጅ አቆጣጠር ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። በራሳቸው ቃለ ጉባኤ ላይ መግባቱ ነው ያናደዳቸው። በዚህ ሦስቱም ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች አንድ ናቸው፤ ሲገዙ በሚመጡበት ሁኔታ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምሩት።

የተስተካከለውን በፒዲኤፍ አስቀምጠን ወደ ግንፍሌው ቁልቁለት ተመለስኩ፤ ዝናቡ ያው ነው፣ በሩ ላይ የተጠለለውም ሰው ያው ነው። ባለሱቁ ፍላሹን ሰካና ጥቂት ጠበቀ። ከማሽኑ ጥግ ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ።

«እህቴ፣ ፍላሽሽ ቫይረስ አለበት። ላጽዳልሽ?»

«አታጽዳው» አልኩት። «ቫይረሱ ከአንተው የመጣ ነው። ዝም ብለህ አትምልኝ።»

ሣቀ። ማተሚያው መንጫጫት ሲጀምር ያንን አንድ መስመር ትእዛዝ ሆሄ በሆሄ አስጻፍኩት። በተበላሸ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጀርባ ጻፈውና አንድ የደንበኛ ፍላሽ ላይ ወዲያው ሞከረው። ስክሪኑ ላይ አራት ፎልደር ብቅ ሲል አፉን በእጁ ያዘ፤ ወረቀቱንም በፕላስተር ግድግዳው ላይ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን ለጠፈው።

«ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር።»

36ቱ ገጽ ታትሞ ሲያልቅ ዝናቡ ገና አላባራም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝና ቀጣዩን ደንበኛ ጠራ።